ያረጀ ኮምፒውተር የማን ዕዳ ነው? ስለ አምራቾች ኃላፊነትና ስለ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮምፒውተር ሲገዛ ሁሉም ነገር ባለቤት አለው። ሻጩ ይታወቃል፣ ገዢው ይታወቃል፣ ዋስትና የሰጠውም ይታወቃል። ሲሞት ግን ማንም "የኔ ነው" አይለውም። አምራቹ "ሸጬ ጨርሻለሁ" ይላል። ገዢው የት እንደሚጥለው ግራ ይገባዋል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ይህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የሚመጡ ናቸው። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የሚባለው ምንድን ነው?

በኤሌክትሪክ ወይም በባትሪ የሚሠራ ሆኖ ባለቤቱ "ከእንግዲህ አልፈልገውም" ብሎ የጣለው ዕቃ ሁሉ ነው። ፍሪጅም፣ ምጣድም፣ የልጆች መጫወቻም ይገባበታል። በክብደት ከታየ ኮምፒውተርና ስልክ የያዙት ድርሻ ትንሽ ነው። በውስጣቸው ባለው ውድ ብረት፣ በመርዛቸውና ቶሎ ቶሎ በመቀያየራቸው ግን ከሁሉም በላይ ያነጋግራሉ። ይህ ጽሑፍም ትኩረቱ እነሱ ላይ ነው።

መጠኑ ያን ያህል ብዙ ነው?

በተባበሩት መንግሥታት ተቋማት የተዘጋጀው የ2024 ሪፖርት እንደሚለው፣ በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሯል። በአግባቡ ተሰብስቦ ሪሳይክል መደረጉ በመዝገብ የተረጋገጠው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። በዚሁ ከቀጠለ በ2030 መጠኑ 82 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል ተብሎ ይጠበቃል።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ፍጥነቱ ነው። ቆሻሻው የሚያድገው፣ በመዝገብ የሚታወቀው ሪሳይክል ከሚያድግበት በአምስት እጥፍ ፈጥኖ ነው። እንዲህ ከሆነ "ብዙ ሳጥን እናስቀምጥ፣ ሕዝቡን እናስተምር" በማለት ብቻ የሚደረስበት ነገር አይደለም።

ኮምፒውተሩን ገዝቼ የተጠቀምኩበት እኔ ነኝ። አምራቹ ለምን ይጠየቃል?

ተገቢ ጥያቄ ነው። አምራቹ የሚጠየቀው ዕቃው ምን ዓይነት እንደሚሆን የወሰነው እሱ ስለሆነ ነው። ባትሪው በሙጫ ይለጠፍ ወይስ በብሎን ይታሰር? መያዣው ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ይሠራ ወይስ ከአምስት? መለዋወጫ ለገበያ ይቅረብ ወይስ አይቅረብ? ሶፍትዌሩ ለስንት ዓመት ይታደስ? ይህን ሁሉ ሲወስን ገዢን አልጠየቀም። ቆሻሻውን የሚያነሳውን ማዘጋጃ ቤትም አላማከረም።

ለብዙ ዘመን ግን ወጪውን የተሸከመው ማዘጋጃ ቤት ነው። ማዘጋጃ ቤት ማለት ደግሞ ግብር ከፋዩ ነው፤ ኮምፒውተር ኖሮት የማያውቀው ሰው ጭምር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ይህ ነው።

በ1990 ቶማስ ሊንድክቪስት የተባለ በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ለአገሩ የአካባቢ ሚኒስቴር ባቀረበው ሥራ ላይ "የተራዘመ የአምራች ኃላፊነት" የሚለውን ሐሳብ አስተዋወቀ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የአምራቹ ኃላፊነት ዕቃው ከመደብር ሲወጣ አያበቃም፤ ዕቃው አገልግሎቱን ጨርሶ እስኪወገድ ድረስ ይዘልቃል። ዓላማው ቆሻሻ ማሰብሰብ ብቻ አልነበረም። የማስወገጃው ወጪ አምራቹ ኪስ ውስጥ ከገባ፣ አምራቹ ወጪውን ለመቀነስ ሲል ዕቃውን ገና ወረቀት ላይ ሲነድፈው ያስብበታል የሚል ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በእሱ የሚለካ ነው።

ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስፈራ ምን አለ?

ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲሠራ ምንም አያደርጋችሁም። ችግሩ የሚመጣው ሲሰባበር፣ ሲቃጠልና በአሲድ ሲታጠብ ነው። እነዚያ ከኋላቸው ሆድ የነበራቸው የድሮ ስክሪኖች መስታወታቸው ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት በብዛት አለ። ከእነሱ ቀጥለው የመጡት ጠፍጣፋ ስክሪኖች ብርሃን የሚያገኙት ሜርኩሪ ካለበት ቀጭን ቱቦ ነበር። የቆዩ ማዘርቦርዶች (የኮምፒውተሩ ዋና ቦርዶች) የተበየዱት እርሳስ ባለበት ብረት ነው። ፕላስቲኩ እሳት እንዳይዘው ተብሎ ብሮሚን ያለባቸው ኬሚካሎች ይጨመሩበታል። የኤሌክትሪክ ገመድ ደግሞ መዳቡን ለማውጣት ሲባል ሲቃጠል ዳዮክሲን የሚባለውን ክፉ መርዝ ይለቃል።

እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ዜና አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2006 ጀምሮ እርሳስን፣ ሜርኩሪን፣ ካድሚየምንና ሌሎች ሦስት ንጥረ ነገሮችን በአዳዲስ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ ከተወሰነ መጠን በላይ ከለከለ። ሕጉ የወጣው ለአውሮፓ ገበያ ነበር። ነገር ግን ለአውሮፓ አንድ ዓይነት፣ ለሌላው ዓለም ሌላ ዓይነት ማምረት አያዋጣም። ስለዚህ ትልልቆቹ አምራቾች ለሁሉም ገበያ የሚያመርቱትን ቀየሩ። "ቴክኖሎጂው አይፈቅድም" ይባል የነበረው ነገር ሕግ ሲመጣ ተቻለ።

ወርቅ አለበት ይባላል። ታዲያ ራሱ ገበያው ለምን አይሰበስበውም?

ወርቁስ አለ። አንድ ቶን የኮምፒውተር ቦርድ ከአንድ ቶን የወርቅ ማዕድን ድንጋይ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ወርቅ ይይዛል። ችግሩ አንድ ቶን ቦርድ ለማግኘት የሚያስፈልገው የኮምፒውተር ብዛት ነው። ለቶኪዮው ኦሊምፒክ ሜዳሊያ ጃፓኖች ከ2017 እስከ 2019 ድረስ ከሕዝቡ አሮጌ ዕቃ ሰበሰቡ። ወደ 79 ሺህ ቶን ዕቃ መጣ፤ በውስጡ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሞባይል ስልኮች ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ክምር የወጣው ወርቅ 32 ኪሎ ያህል ነው። ሜዳሊያዎቹን ለመሥራት በቃ፤ ግን ምን ያህል ሰው፣ መኪናና ፋብሪካ እንደጠየቀ አስቡት።

ገበያ ብቻውን ሲተው ደግሞ የሚያነሳው የሚጣፍጠውን ነው። ወርቁንና መዳቡን ይወስድና መርዛማውን መስታወት፣ የማይሸጠውን ፕላስቲክና ባትሪውን ሜዳ ላይ ይጥላል። ለዘመናዊ ማግኔትና ስክሪን የሚያስፈልጉት ብርቅዬ የምድር ማዕድናት እንኳ ከኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የሚመለሱት የዓለምን ፍላጎት 1 በመቶ ያህል ለመሸፈን ብቻ ነው። ትርፍ የሌለበትን ክፍል ማን ያንሳው? የአምራች ኃላፊነት ሕግ የሚያስፈልገው ለዚህኛው ክፍል ነው።

ሕጎቹ በተግባር ምን ይላሉ?

እንደየአገሩ ይለያያል። ስዊዘርላንድ ቀድማለች። የኮምፒውተርና የቢሮ ዕቃ አስመጪዎችና አምራቾች ማኅበር የሆነው ስዊኮ ከ1994 ጀምሮ ያረጁ ዕቃዎችን እያሰባሰበ ነው። ገዢው አዲስ ዕቃ ሲገዛ ትንሽ የሪሳይክል ክፍያ አብሮ ይከፍላል፤ ሲጥል ግን አይከፍልም። መደብሮችም የሚሸጡትን ዓይነት አሮጌ ዕቃ አልቀበልም ማለት አይችሉም። ምንም ባይገዙበትም።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የመጣው በ2003 ሲሆን በ2012 እንደገና ተጠናክሯል። አምራቹ የመሰብሰቢያውንና የማስወገጃውን ወጪ ይሸፍናል፤ ነዋሪው በነጻ ያስረክባል። ኮምፒውተራችሁ ጀርባ ላይ ወይም ቻርጀሩ ላይ የተሰረዘ ባለጎማ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ምልክት አይታችሁ ይሆናል። "ከተራ ቆሻሻ ጋር አትጣሉኝ" ማለት ነው። ከሥሩ ያለው ጥቁር መስመር ደግሞ ዕቃው ለገበያ የቀረበው ከነሐሴ 13 ቀን 2005 በኋላ መሆኑን ይናገራል። ቀኑ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ለተሸጠ ዕቃ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ወጪ እንዲሸከም ታስቦ ነበር። ያ ሐሳብ የት እንደደረሰ ወደ ታች እንመለስበታለን።

አገሮቹ ከ2019 ጀምሮ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት በአማካይ ለገበያ ከቀረበው ክብደት 65 በመቶውን መሰብሰብ ነበረባቸው። አብዛኞቹ አልደረሱበትም።

ጃፓን ለኮምፒውተር ለብቻው መንገድ አበጀች። ከጥቅምት 2003 በኋላ የተሸጠ የቤት ኮምፒውተር ልዩ ምልክት አለው። ምልክቱ ካለው አምራቹ በነጻ ይቀበላል። ባለቤቱ ለአምራቹ ያመለክታል፣ የመላኪያ ወረቀት ይላክለታል፣ ከዚያ ዕቃውን ጠቅልሎ በፖስታ ቤት በኩል ይልካል። በቃ። እንዲህ ቀላል ሲሆን ሰው ይተባበራል።

አሜሪካ እስካሁን አገር አቀፍ ሕግ የላትም። ግማሽ ያህሉ ግዛቶች የየራሳቸውን አውጥተዋል። በ2003 ቀድማ ሕግ ያወጣችው ካሊፎርኒያ ክፍያውን ስክሪን በሚገዛው ሰው ላይ ጣለች። በ2004 የተከተለችው ሜይን ግን ወጪውን ወደ አምራቾች መለሰች። ሌሎቹ አብዛኞቹ የተከተሉት የሜይንን መንገድ ነው።

መጨረሻ ላይ ዋጋው ላይ ጨምረው ከእኔው አይወስዱም?

ይወስዳሉ። ይህን መካድ አይገባም። አምራች ላይ የተጣለ ወጪ ዋጋ ላይ መታየቱ አይቀርም። እንዲያም ሆኖ ልዩነት አለው፣ ልዩነቱም ትልቅ ነው።

ወጪውን ማዘጋጃ ቤት ሲከፍል ለመቀነስ የሚያስብ ማንም የለም። ደረሰኝ ላይ ለብቻው ተጽፎ ገዢው ሲከፍል ደግሞ አምራቹን አይነካውም፤ ገንዘቡ በእሱ በኩል የሚያልፍ ብቻ ነው። ወጪው የአምራቹ ሲሆን ግን በርካሽ የሚፈታታ ኮምፒውተር የሠራው ከተፎካካሪው ባነሰ ዋጋ መሸጥ ወይም የበለጠ ማትረፍ ይችላል። ጨዋታው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደዚያ ጥቁር መስመር እንመለስ። በተግባር አምራቾቹ ተሰባስበው አንድ ማኅበር ያቋቁማሉ። ማኅበሩ የሁሉንም ቆሻሻ በአንድ ላይ ያነሳል። ከዚያ ሂሳቡን እንደየሽያጫቸው ድርሻ ወይም ክብደት ያከፋፍላል። ለአሠራር ይመቻል፣ ወጪም ይቆጥባል። ለትንንሽ ኩባንያዎችም ብቸኛው የሚቻል መንገድ ይሆናል። ግን ምን ጠፋ? በአንድ ካቻቢቴ የሚፈታ ላፕቶፕ የሠራውና በሙጫ የደፈነው ኩባንያ ለአንድ ኪሎ እኩል ይከፍላሉ። በጥንቃቄ የነደፈው ምንም አላተረፈም። በግዴለሽነት የነደፈው ምንም አልከሰረም። እንግዲህ የሕጉ ዋና ሐሳብ ተነነ ማለት ነው፤ የቀረው ቆሻሻ ማንሳት ብቻ ነው።

መፍትሔ አለው። ፈረንሳይ ከ2010 ጀምሮ ክፍያውን እንደ ዕቃው ጥራት ከፍና ዝቅ ማድረግ ጀምራለች። ለመጠገን የሚመች ዕቃ ያነሰ ይከፍላል፣ አስቸጋሪው ይጨምራል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2018 ይህንኑ መንገድ በሕጉ አካቷል። እኔ በበኩሌ ልዩነቱ አሁንም አነስተኛ ነው እላለሁ። በአንድ ላፕቶፕ ላይ የሳንቲም ልዩነት የአንድን ኩባንያ የዲዛይን ክፍል አያነቃንቅም። ቅጣቱም ሽልማቱም የሚሰማ መሆን አለበት።

ዲዛይን ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ሁለት ላፕቶፕ የመፍቻ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ። የመጀመሪያው ከሥሩ ጥቂት ተራ ብሎኖች አሉት። ትፈቷቸዋላችሁ፣ ሽፋኑ ይነሳል። ባትሪው ከፊታችሁ ነው፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ ታወጡታላችሁ። ሚሞሪውና ዲስኩ በእጅ ይወጣሉ። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሁሉም በየሳጥኑ ይገባል፤ የሚሠራውም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ለመግባት ዝግጁ ነው።

ሁለተኛው ቀጭንና የሚያምር ነው። ብሎኖቹ በተራ ካቻቢቴ አይፈቱም፤ ልዩ ጫፍ ይፈልጋሉ። ሚሞሪውና ዲስኩ ቦርዱ ላይ ተበይደዋል። አንዱ ከተበላሸ ቦርዱ በሙሉ ተበላሸ ማለት ነው። ባትሪው ከብረቱ ጋር በሙጫ ተጣብቋል። ሠራተኛው ያሞቀዋል፣ ከሥሩ የፕላስቲክ ካርድ ያስገባል፣ ቀስ እያለ ይገፋል። ትንሽ ከታጠፈ ወይም ከተበሳ የሊቲየም ባትሪ ያጨሳል፣ ይነድዳል። ይህን ሁሉ ጊዜ የሚከፍል ሰው ከሌለ ምን ይደረጋል? ላፕቶፑ እንዳለ ወደ መፍጫ ማሽን ይገባል። ባትሪው ሳይወጣ ከተፈጨ እሳት ነው። በሪሳይክል ጣቢያዎች የሚነሳው ቃጠሎ ከዋና ዋና ምክንያቶቹ አንዱ ይህ ሆኗል።

ይህን የወሰነው ጠረጴዛው ላይ ያለው ሠራተኛ አይደለም። ከዓመታት በፊት ላፕቶፑን የነደፈው መሐንዲስና "ይቅጠን" ብሎ ያዘዘው አለቃው ናቸው። ቀጭን ሆኖ የሚፈታ ኮምፒውተር መሥራት አይቻልም የሚለውም ሰበብ አይሠራም። ፍሬምወርክ የተባለው ኩባንያ ከ2021 ጀምሮ ባለቤቱ ራሱ ክፍሎቹን የሚቀይርበት ቀጭን ላፕቶፕ እየሸጠ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው የባትሪ ሕግ መሠረት፣ ከየካቲት 2027 ጀምሮ በዕቃዎች ውስጥ ያሉ ትንንሽ ባትሪዎች ከተወሰኑ ዕቃዎች በስተቀር ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣቸው የሚችል መሆን አለባቸው። ሙጫው ቀኑ ተቆርጦለታል።

ኩባንያዎቹ በፈቃዳቸው እየሰበሰቡ አይደለም እንዴ?

አንዳንዶቹ ይሰበስባሉ፣ መልካም ነው። ኤችፒ ገና በ1980ዎቹ ነው የጀመረው። አፕል ስልክ የሚፈታታ ሮቦት ሠርቷል። ዴል ከ2006 ወዲህ የራሱን ምርት ከግለሰብ ደንበኞች በነጻ ይቀበላል።

የዴል ታሪክ ግን ሙሉው ሲነገር ይበልጥ ያስተምራል። በ2002 ኩባንያው የተመለሱለትን ኮምፒውተሮች ለማስፈታት የተዋዋለው የአሜሪካን ፌዴራል እስረኞች ከሚያሠራው ድርጅት ጋር ነበር። የአካባቢ ተሟጋቾች "ቆሻሻችሁን በርካሽ የእስረኛ ጉልበት ታስነሳላችሁ?" ብለው ተነሱ። በ2003 መጀመሪያ ላስ ቬጋስ በተካሄደው ትልቁ የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት ላይ የእስረኛ ልብስ ለብሰው ተሰለፉ። በዚያው ዓመት ዴል ውሉን አቋረጠ። ከዚያ በኋላ ነው የነጻ መሰብሰቢያውን እያሰፋ የሄደው።

ስለዚህ "በፈቃዳቸው" የሚለው ቃል ከጀርባው ብዙ ጊዜ ግፊት አለበት። በፈቃድ የተጀመረ ነገር ትርፍ ሲቀንስ በፈቃድ ይቆማል። ግዴታ መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው። ደግሞም ኩባንያው "ይህን ያህል ሚሊዮን ኪሎ ሰበሰብኩ" ሲል በዚያው ጊዜ ስንት ሚሊዮን ኪሎ እንደሸጠ ጠይቁ። ያለ ሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያው ትርጉም የለውም።

ያስረከብኩት ኮምፒውተር በእርግጥ የት ይሄዳል?

በጥሩው መንገድ ከሄደ መጀመሪያ ይፈተሻል። የሚሠራው ታድሶ ይሸጣል። የማይሠራው በእጅ ይፈታታል፣ ባትሪና ሜርኩሪ ያለበት ክፍል ይለያል፣ ቀሪው ይፈጫል፣ ብረትና ፕላስቲክ ይለያያል። ቦርዶቹ ቤልጂየም ውስጥ ሆቦከን ላይ እንዳለው የኡሚኮር ፋብሪካ ወደመሳሰሉ ማቅለጫዎች ይላካሉ። እዚያ ወርቅ፣ ብር፣ ፓላዲየም፣ መዳብና ሌሎችም ይወጣሉ።

በመጥፎው መንገድ ከሄደ ግን ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል። ቤዝል አክሽን ኔትወርክ የተባለው ድርጅት ከአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ወደ 200 የሚጠጉ አሮጌ ዕቃዎች ውስጥ መከታተያ ደብቆ አሜሪካ ውስጥ ለሰብሳቢዎች አስረከበ። ውጤቱ በ2016 ሲወጣ ሲሶ ያህሉ ከአገር ወጥተዋል፤ አብዛኞቹ ወደ እስያ። በዚሁ ክትትል የተነሳ በዋሽንግተን ግዛት "አንልክም" እያለ ሲምል የነበረ የሪሳይክል ድርጅት ሜርኩሪ ያለባቸውን ስክሪኖች ወደ ሆንግ ኮንግ ሲልክ ተገኘ። ባለቤቶቹ በ2019 እስራት ተፈረደባቸው።

ኮንቴይነሩ የሚደርስበትን ቦታ ለማወቅ የቻይናዋን ጉዪዩን ማንሳት ይበቃል። በዚያች ከተማ ለዓመታት ቦርድ በከሰል ላይ እየተጠበሰ ቺፑ ይነቀል ነበር። ወርቁ በአሲድ ይታጠብና አሲዱ ወንዝ ውስጥ ይደፋ ነበር። ተመራማሪዎች የልጆቿን ደም ሲመረምሩ የእርሳሱ መጠን ከጎረቤት ከተማ ልጆች በልጦ ተገኘ። በ2010ዎቹ አጋማሽ ሥራው ወደ ተከለለ የኢንዱስትሪ ፓርክ እንዲገባ ተደርጓል። በጋና ዋና ከተማ አክራ ውስጥ የነበረው የአሮጌ ዕቃ መፍቻ ሰፈር አግቦግብሎሺ ደግሞ በ2021 ፈረሰ። ፈረሰ ማለት ግን ሥራው ቆመ ማለት አይደለም፤ ሰዎቹ ገመዳቸውን ይዘው ወደ አካባቢው ሰፈሮች ተበታተኑ።

ይህን የሚከለክል ዓለም አቀፍ ሕግ የለም?

አለ። በ1989 የተፈረመው የባዝል ስምምነት አደገኛ ቆሻሻ ያለ ተቀባዩ አገር ፈቃድ ድንበር እንዳያልፍ ይከለክላል። ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ አደገኛ ተብሎ ያልተመደበውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በዚሁ ፈቃድ ሥር ገብቷል። ቀድሞ "ይሄ አደገኛ አይደለም" እየተባለ የሚታለፍበት ቀዳዳ ተደፈነ። አሜሪካ ግን ስምምነቱን ፈርማ እስካሁን አላጸደቀችም።

ያገለገለ ኮምፒውተር ለሌላ አገር መስጠት መልካም ሥራ አይደለም?

የሚሠራ ከሆነ በጣም መልካም ነው። አንድ ላፕቶፕ በዕድሜው ከሚያስከትለው የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት አብዛኛው የሚመጣው ገና ሲመረት ነው። ስለዚህ ዕድሜውን ማራዘም ከየትኛውም ሪሳይክል ይበልጣል።

ጥያቄው ተፈትሾ ነው የተላከው ወይስ በደፈናው የሚለው ነው። ተከፍቶ የታየ፣ ባትሪው የተለካ፣ ቻርጀሩ አብሮት ያለ፣ እንዳይሰበር ተደርጎ የታሸገ ከሆነ ዕቃ ነው። ኮንቴይነር ውስጥ እንደ ድንጋይ የተከመረ ከሆነ፣ ላኪው "እርዳታ" ብሎ ቢጽፍበትም ቆሻሻ ነው። ተቀባዩ በእርዳታ ያገኘው የማስወገጃ ወጪውን ነው። የአምራቹ ክፍያ ደግሞ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ በተሸጠበት አገር ቀርቷል፤ ኮምፒውተሩን ተከትሎ ድንበር አልተሻገረም። አሁን ባሉት ሕጎች ውስጥ ትልቁ ኢፍትሐዊነት ይህ ይመስለኛል። ዕቃው መጨረሻ ላይ የሚሞትበት አገር የመቅበሪያውን ገንዘብ ማግኘት አለበት።

ኮምፒውተሬ ደህና ነው፣ ግን ሶፍትዌሩ አይታደስም። ይህም የአምራቹ ኃላፊነት ነው?

ነው እላለሁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የተወሰነ የደህንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ስለዚህ ስክሪኑም፣ ኪቦርዱም፣ ዲስኩም የሚሠራ ብዙ ኮምፒውተር በአንድ ቀን "አሮጌ" ተባለ። ለተወሰነ ጊዜ ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያ የሚገኝበት መንገድ አለ፤ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር መጫንም ይቻላል። ብዙ ሰው ግን ይህን አያውቅም፤ አዲስ ይገዛል።

ሶፍትዌር ዕቃን የሚገድል ከሆነ፣ ሶፍትዌር የሠራውም ለቀብሩ ማዋጣት አለበት። በስልክ በኩል ነገሩ ተጀምሯል። በአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ጀምሮ ለገበያ የሚቀርብ ስማርትፎን፣ ሞዴሉ መሸጥ ካቆመ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ማሻሻያ ማግኘት አለበት። መለዋወጫውም ለሰባት ዓመት መገኘት አለበት። ለኮምፒውተርም እንዲሁ መሆን አለበት።

ከማስረከቤ በፊት መረጃዬን ምን ላድርገው?

ፋይል መሰረዝ ብቻውን አይበቃም፤ የተሰረዘ ፋይል በቀላሉ ይመለሳል። መጀመሪያ የምትፈልጉትን ቅዱ። ከየአካውንቱ ውጡ። ከዚያ ዲስኩ ኢንክሪፕት የተደረገ (ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ የተመሰጠረ) መሆኑን አረጋግጣችሁ ራሱ ኮምፒውተሩ ባለው የ"ሪሴት" አማራጭ በውስጡ ያለውን መረጃ ሁሉ አጥፉ። ኮምፒውተሩ የማይነሳ ከሆነ ዲስኩን አውጥታችሁ አስቀሩ፣ ወይም መረጃ የሚያጠፋ መሆኑን በጽሑፍ ለሚያረጋግጥ ድርጅት ስጡ። ብዙ ሰው አሮጌ ላፕቶፕ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚያከማቸው በዚህ ስጋት ነው፤ አምራቾች ይህን አገልግሎት ከመሰብሰቢያው ጋር አብረው ቢሰጡ ብዙ ዕቃ ይመጣ ነበር።

ባትሪው አብጧል። ምን ላድርግ?

ቻርጅ አታድርጉት። አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ከተራ ቆሻሻ ጋርም አትጣሉት። እሳት ከሚይዘው ነገር አርቃችሁ አስቀምጡና ባትሪ ለሚቀበል ቦታ ቶሎ አድርሱት።

አዲስ ስገዛ ምን ልጠይቅ?

ሻጩን አራት ነገር ጠይቁት። ባትሪው በብሎን ነው ወይስ በሙጫ? ሚሞሪውና ዲስኩ ይቀየራሉ? የጥገና መመሪያና መለዋወጫ ለማንም ይሸጣል ወይስ ለራሳቸው ጠጋኞች ብቻ? ሲያረጅ አምራቹ ይቀበለዋል? ከተቀበለስ በነጻ ነው? ፈረንሳይ ከ2021 ጀምሮ ላፕቶፕን ጨምሮ በተወሰኑ ዕቃዎች ላይ ከ10 የሚሰጥ የጥገና ነጥብ ከዋጋው አጠገብ እንዲለጠፍ አስገድዳለች። ያን ነጥብ በኢንተርኔት ማየት ስለሚቻል የትም ብትሆኑ የምትገዙትን ሞዴል ፈልጉት።

ሻጩ መልስ ከሌለው ለአምራቹ ጻፉ። አንድ ደብዳቤ ምንም አይለውጥ ይሆናል። ለመሥሪያ ቤታችሁ በብዛት የምትገዙ ከሆነ ግን ጥያቄዎቹን በጨረታ ሰነዱ ውስጥ አስገቧቸው፤ መቶ ኮምፒውተር ለመሸጥ የመጣ ኩባንያ መልስ ማምጣቱ አይቀርም።